የአርባ ሦስተኛዋ ታማሚ ቱቦ

መስከረም 19 ቀን

ለአጮላቂዋ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ እንቅልፍሽስ? ያለሽበትን አገር ብርድ ያቅልልልሽ፤ የምትጀምሪውን ያስጨርስሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይከራከረኛል፤ ዓይኔም ትንሽ ደከም ብሏል። ከዚህ ሌላ የሚወራ ሕመም የለኝም።

ሰው ሁሉ "ስልክ እያለ ለምን ትጽፋለህ?" ይለኛል። በስልክ "ደህና ነኝ" ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። በደብዳቤ ግን መዋሸት የፈለገ ሰው ቁጭ ብሎ መልፋት አለበት።

ባለፈው ሳምንት ወደ ድሮ ሥራ ቦታዬ ጎራ ብዬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሞላኝ። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበትን ወንበር አንዲት ወጣት ቴክኒሽያን ይዛዋለች፤ ትራስ አድርጋበታለች። ብልህ ናት፣ እኔ ለምን እንዳላሰብኩት አላውቅም። በሳይንስ መጽሔት የወጣው ያንቺ ጽሑፍ ከእጅ መታጠቢያው በላይ እንደተሰቀለ ነው። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ "ይህ ባክቴሪያ ከዚች ክፍል ነው የሄደው፤ ያጠናችው ዶክተርም የአጎቴ ልጅ ልጅ ናት፤ ማይክሮስኮፕ ማየት ያስተማርኳት እኔ ነኝ" እላለሁ። አሁንማ ገና በር ላይ ሲያዩኝ እነሱ ራሳቸው ይሉልኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ልጄ ቀጮ ተመርቃለች፤ እሷም እንዳንቺው ከባክቴሪያ ጋር ተጣብቃለች። "ስትጨርስ ወደ እኔ ላካት፣ እኔ ዘንድ ትማራለች" ያልሽውን አልረሳሁም፤ እሷማ ጭራሽ አልረሳችም። ካንቺ የሚፈለገው የቅበላ ደብዳቤ ነው። እስከ መጋቢት መጨረሻ መድረስ አለበት አሉ። አላስቸኩልሽም፤ ግን አስቢበት።

አባትሽን የምተካው፣
ጋሼሽ

ኅዳር 2 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነመላው ቤተሰብ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ከማልፈልጋቸው ወረቀቶች ጋር አብሮ ያየኝ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ፣ ግን ደክሞኛል። በዚህ ዓመት የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረጌ ይታያል። ሰባት ሰዎች የሃያ ዓመት ሥራዬን ዘርግተው ይመዝናሉ። ማይክሮስኮፕ ጋ ከተቀመጥኩ ስድስት ወር ሆኖኛል ብል ያምኑኛል? ቀኔ የሚያልቀው ስብሰባ ላይና ቅጽ በመሙላት ነው። የምሠራበት ክፍል መስኮቱ የሚከፈተው ወደ መኪና ማቆሚያ ነው፤ ከዚያ የማየው የሰው መኪና የትኛው ቶሎ እንደሚወጣ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ የላኩልኝ የአርባ ሦስተኛዋ ታማሚ ናሙና፣ ዋናው ቱቦ አሁንም አለ? እርስዎ ምንም እንደማይጥሉ ስለማውቅ ነው። ለመረጃ ያህል ነው የፈለግሁት።

የቀጮ ጉዳይ በእጄ ነው። ሰላም በሉልኝ።

ልጅዎ

ኅዳር 28 ቀን

ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ድካምሽን ያንሳልሽ፤ እነዚያ ሰባት ሰዎችም በጎ በጎውን ያሳያቸው።

ቱቦው አለ ወይ? ስድብ ነው የሰደብሽኝ! በላቦራቶሪው ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በሦስተኛው መደርደሪያ፣ በራሴ እጅ በሰም የታሸገ፣ "43" ተብሎ የተጻፈበት። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለት ኃላፊ "ይህን ቆሻሻ ጣልልን" ብለውኛል። ሁለቱም ተዛውረው ሄዱ፤ ቱቦው ግን እዚያው ነው።

ያንን ወረርሽኝ ታስታውሽው ይሆናል። የደም ተቅማጥ ነበር፤ አልጋ ጠፍቶ ሰው ኮሪደር ላይ ይተኛ ነበር። አርባ ሦስተኛዋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ናሙናዋን ስቀበል "ይቅርታ፣ አስቸገርኩህ" ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። በአራተኛው ቀን አረፈች። ከሁሉም ናሙና የሷ ባክቴሪያ የከፋ ስለነበር ነው ላንቺ የላክሁት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። "ለመረጃ ያህል" ያልሽው ምንድን ነው? ልጅ ሳለሽ ብርጭቆ ስትሰብሪ ነው እንዲህ ድምፅሽን ዝቅ ታደርጊ የነበረው።

ቀጮ የፖስታ ቤቱን ሠራተኛ ስም አውቃለች፤ እሱም ስሟን። ሌላ የምለው የለኝም።

ጋሼሽ

ጥር 6 ቀን

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን አሉ? ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። እንግዲህ እውነቱን ልንገርዎ።

አንዲት ተማሪዬ፣ ፀጥ ያለች፣ ትክክል ስትሆን የምታፍር ልጅ፣ በነሐሴ ወር አንድ ሳህን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ባክቴሪያው በሚበቅልበት አጋር ውስጥ ቀዩን ማቅለሚያ ጨምራለች። መቼም ያውቁታል፤ አንጀት መውረር የሚችለው ሺጌላ፣ የደም ተቅማጡ ባክቴሪያ፣ ቀለሙን ጠጥቶ ቀይ ኮሎኒ፣ ማለት ቀይ የባክቴሪያ ነጥብ፣ ይሆናል፤ የመውረሪያ መሣሪያውን የጣለው ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የኛ፣ ማለት የአርባ ሦስተኛዋ፣ ሳህኑ በሙሉ ነጭ ነበር። አንድ ቀይ እንኳ ለዓይን የለም።

ጽሑፌ የሚለውን ያስታውሳሉ፤ "አንዲት ጂን ስናወጣ ባክቴሪያው አንጀት መውረር አቃተው፤ ስለዚህ የበሽታው ቁልፍ ያቺ ጂን ናት" ነው የሚለው። ለካ ያቃተው ጂኗ ስለወጣች አይደለም። መሣሪያውን ሁሉ ቀድሞ ጥሎታል። ባዶ እጁን ያለ ወታደር ይዤ "መተኮስ ያቃተው ኮፍያውን ስላወለቅሁበት ነው" ስል ኖሬያለሁ።

እንዴት ሆነ ይሉኛል። ከሳህን ወደ ሳህን ባዛወርን ቁጥር አንድ ኮሎኒ እንመርጣለን። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ትልቁን፣ ክቡን፣ ጠርዙ ያማረውን ነበር። ተማሪዎቼንም እንዲሁ አስተማርኳቸው። መሣሪያውን የጣለ ባክቴሪያ ሸክም ስለሌለበት ቶሎ ይወፍራል፤ የሚያምረውም እሱ ነው። ዓመት ሙሉ በሽታ የማያመጣውን እያዩ መምረጥ ማለት ነው። "ቆንጆዋን ምረጪ" የሚለውን ቃል ከማን እንደሰማሁት እርስዎም እኔም እናውቃለን። ለወቀሳ አይደለም የማነሳው።

የመጀመሪያውን ናሙና አውጥቼ እንዳላይ ማቀዝቀዣችን የዛሬ ስምንት ዓመት በእረፍት ቀን ተበላሽቶ ያለው ሁሉ ቀልጧል። የቀረው የርስዎ ቱቦ ብቻ ነው።

ጉዳዩን ሳሳውቀው፣ ጽሑፉን ያተመው መጽሔት የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ጉድለቱ ከናሙናው ጋር መጣ ወይስ በናንተ እጅ ተፈጠረ? ዋናው ቱቦ ውስጥ ነጮቹ ከበዙ፣ ስህተቱ ስንቀበለው የነበረ ነውና ትንሽ ማረሚያ አውጥተን ሥራውን እንደገና እንሠራለን። ቀይ ከሆነ ግን ያበላሸነው እኛ ነን፤ ጽሑፉ ይሰረዛል፤ ማዕረጉ ይቀራል፤ ላቦራቶሪው የሚንቀሳቀስበት የገንዘብ ድጋፍም ይቆማል። የቀጮ ቦታ የሚከፈለው ከዚያ ድጋፍ ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልዎ በዚህ ምክንያት ነው።

ማቅለሚያውን ዱቄት በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ። ከቱቦው ወስደው ዘርተው፣ ስንት ቀይ፣ ስንት ነጭ እንደሆነ ይጻፉልኝ። ጫና ላደርግብዎ አይደለም። ያዩትን ብቻ።

ልጅዎ

የካቲት 11 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጽሑፉ የቀጮ ነው፤ እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፋለች። ዓይኔ ወረቀት ላይ እየሰነፈ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ያልሽውን ሠርቻለሁ። ባለ ትራሷ ቴክኒሽያን ወንበሬን ለቀቀችልኝ፤ ትራሱንም ጭምር። ሰሙን በቢላ ፈቅፍቄ ከፈትኩት፤ ዘራሁት፤ በማግስቱ መስኮት ጋ ይዤ አየሁት። በሕይወት አለ! አስራ ዘጠኝ ዓመት ጨለማ ተቀምጦ ሲነሳ ምንም እንዳልሆነ ሰው ምግብ ይፈልጋል።

ቆጠራው ይህ ነው። ሃምሳ ሁለት ኮሎኒ አለ፤ ቀይ ስድስት፣ ነጭ አርባ ስድስት። ከመጀመሪያው ተዳክሞ ነበር ማለት ነው። ያኔ ከመላኬ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ አዛውሬዋለሁ፤ ቆንጆ ቆንጆዋን መርጬ ይሆናል። አንቺ አታጥፊም። ለመጽሔቱ እንዲሁ ብለሽ ጻፊ፣ ሥራሽንም ቀጥይ።

እንግዲህ የቀጮን ነገር አደራ።

ጋሼሽ

የካቲት 29 ቀን

ውድ ጋሼ፣

እሰይ! እሰይ! ምን ልበልዎ? አንጀቴን አራሱት። ደብዳቤውን እንዳነበብኩ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከነሐሴ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደልኝ። ተማሪዬም ስትሰማ "እንኳን ደስ አለዎት" አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ "ኮሎኒዎቹን ማየት ይቻላል?" አለች። ጥንቁቅ ናት።

መጽሔቱ የማረሚያውን ረቂቅ ላኩልን ስላለኝ ዛሬውኑ ጽፌዋለሁ። ዋናው አረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "ናሙናው ከተላከበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሲነሳ ጀምሮ በአያያዝ ጉድለት በአብዛኛው የበሽታ አምጪነት ኃይሉን አጥቶ እንደነበር ላቦራቶሪው አረጋግጧል።" በግንቦት መጨረሻ ይወጣል። ስምዎ የለበትም፤ አይስጉ።

የቀጮን የቅበላ ደብዳቤ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት፣ አያይዤዋለሁ። በመስከረም ትጀምራለች። ወፍራም ካፖርት ታዘጋጅ!

ልጅዎ

ሚያዝያ 15 ቀን

ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ሁለት ወር ሊሆን ነው፤ ከርስዎ ምንም የለም። የቀጮ ወረቀት ደርሷል ወይ? መንገድ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ሌላ ላኪልኝ ይበሉኝ። ስልክም ደወልኩ፤ አይነሳም። በጤና ነው?

ልጅዎ

ግንቦት 9 ቀን

ለልጄ፣

በጤና ነው። ደብዳቤሽም የቀጮ ወረቀትም በጊዜው ደርሰዋል።

ዝም ያልኩት ምን እንደምልሽ ስለቸገረኝ ነው። አሁንም ቸግሮኛል፤ ግን ግንቦት መጨረሻ እየደረሰ ነው።

ኮሎኒዎቹ ቀይ ናቸው። ከሃምሳ ሁለቱ ሃምሳው ቀይ፣ ሁለቱ ነጭ። ቱቦው ደህና ነበር። ያኔ ስልክልሽም ደህና ነበር።

ዋሽቻለሁ። ዓይኔም ደከም ያለ ብቻ አይደለም፤ ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀይና ነጭ መለየት ከተወኝ ዓመት አልፏል። የቆጠረችው ቀጮ ናት። "ሃምሳ ቀይ" አለችኝ። "አርባ ስድስት ነጭ ብለሽ ጻፊ" አልኳት። ብዕሩን አስቀመጠች። ተቆጣኋት፤ አባት ነኝና ጻፈች።

ለምን ዋሸህ ብትይኝ፣ ደብዳቤሽ ላይ የትኛውን መልስ እንደምትፈልጊ በደንብ ጽፈሽልኝ ነበር። አንዱ መልስ ሥራሽን ይዞ ይሄዳል፣ ልጄንም ያስቀራል። ሌላው እኔን ብቻ ነው የሚነካኝ፤ እኔ ደግሞ ጡረተኛ ነኝ፣ ምን ይቀርብኛል አልኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ ላንቺ አላካፍልሽም።

የተሰማኝን ግን ልንገርሽ። "ጋሼ፣ እስኪ እንደገና ይዩት" ትይኛለሽ ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔን ታውቂኛለሽ። ወንበሬ ላይ ወጥተሽ ማጮለቅ ከጀመርሽ አንስቶ አንድ ቱቦ ሳላየው ስልከው አይተሽኝ ታውቂያለሽ? አንቺ "እሰይ" አልሽ።

ያንን አረፍተ ነገር ቀጮ ናት ያነበበችልኝ። "በአያያዝ ጉድለት" የሚለው ጋ ስትደርስ ደብዳቤውን አጠፈችው። የቅበላ ወረቀቷ እዚያው ጭኗ ላይ ነበር። እኔ ጥፋቱን በራሴ ላይ ነበር ያላከክሁት፤ አንቺ ግን ላቦራቶሪው ብለሽ ጻፍሽው። እዚያ አሁን ሰው ይሠራል። ባለ ትራሷ ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ ናሙና ስትልክ "ያ ላቦራቶሪ ነው አይደል?" ይሏታል።

ለመጽሔቱ አልጽፍም፤ አላሳጣሽም። የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። ቀጮ ግን ወረቀቷን መልሳ ከዚህ ጋር አድርጋዋለች። ለምኛት ነበር፤ እምቢ አለች።

ሰላም ሁኚ።

ጋሼሽ

ሰኔ 12 ቀን

ለጋሼ፣

ሰላምታ ለማቅረብ ፊት የለኝም፤ ግን እንደምን አሉ?

ጽሑፉን ሰርዣለሁ። ማረሚያ ሳይሆን መሰረዝ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ለመጽሔቱ ላክሁ፤ ረቂቁም ሳይታተም ተመለሰ። ሦስቱን ቀን ምን ስታደርጊ ነበር እንዳይሉኝ፤ ሰበብ እየፈለግሁ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያ የየካቲቱ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የቀጮ እጅ ጽሑፍ መሆኑን አየሁ። "መስኮት ጋ ይዤ አየሁት" ይላል። ወረቀት ማየት ያቃተው ሰው እንዴት ኮሎኒ ቆጠረ ብዬ አሰብኩ። በእርግጥ አሰብኩ፣ ጋሼ። ተማሪዬም "ማየት ይቻላል?" ስትለኝ ፎቶ ላኩልኝ ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ያልጠየቅሁት መልሱን ስለማውቀው ነው። እርስዎ ዋሽቻለሁ አሉ፤ እኔ ደግሞ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ተቀበልኩ። ከሁለታችን የኔ ይብሳል።

ማዕረጉ ቀርቷል። ሰባቱ ሰዎች በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉልኝ፤ ጨዋነቱ ነው ያደከመኝ። ድጋፉ በታኅሣሥ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ማስተማር ብቻ ነው። ክፍሌን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ያቺ ጥንቁቅ ተማሪ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ተዛወረች፤ ስትሰናበተኝ አቀፈችኝ፤ "እሺ፣ እሺ" ብቻ አልኳት። ለቀጮ የምሰጠው ቦታ የለኝም። ለሌሎች ሁለት ሰዎች ስለሷ ጽፌያለሁ፤ አሁን የኔ ቃል ምን ያህል እንደሚያነሳ ግን አላውቅም።

የመሰረዣው ጽሑፍ አራት መስመር ነው። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ "የመጀመሪያው ናሙና በላከው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ለአስራ ዘጠኝ ዓመታት በጥንቃቄ ተጠብቆ የቆየ ሲሆን፣ በምርመራም የበሽታ አምጪነት ኃይሉ እንዳለ ተገኝቷል፤ ጉድለቱ የተፈጠረው በእኛ እጅ ነው።"

ደክሞኛል፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ገና ነው።

ልጅዎ

ሐምሌ 3 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ነዎት? ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አባዬ እየነገረኝ አይደለም። እሱ ተኝቷል።

በርስዎ ተናድጄያለሁ። ይህን ቀድሜ ካልጻፍኩ ሌላውን መጻፍ አልችልም። ያንን ወረቀት አምስት ወር ጠብቄ፣ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬ ነበር። እሱን ከመለስኩ ወዲህ ፖስታ ቤቱ ፊት ላለማለፍ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም የመለስኩት። "ነጭ" ብላ የጻፈችው እጅ የኔ ስለሆነች ነው፤ እዚያ መጥቼ በየቀኑ ኮሎኒ ስቆጥር ማን ያምነኛል ብዬ ነው፤ እኔስ ራሴን እንዴት አምናለሁ ብዬ ነው።

የመሰረዣውን ደብዳቤ ትናንት አነበብኩለት። "ሁለተኛውን መስመር ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት። "እንደገና" አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ ከኔ ጋር እኩል አብሮኝ አለው፤ አንድም ቃል አልሳተም። ከዚያ ጽሑፍዎ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ይውረድ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ እዚያ ያሉትም እየጠየቁኝ ነበር።

"ይውረድ" አለ። "እሷ ግን ስትመጣ ወንበሬ ላይ ትቀመጥ በያቸው፤ ደክሟታል።"

ቀጮ